ለታላቁ ሩጫ ሳይክል ላይ መዘጋጀት

ቅልጥሜን ያመመኝ ለታላቁ ሩጫ ስዘጋጅ ነው። በሳምንት አምስት ቀን እሮጥ ነበር፣ አብዛኛውን አስፋልት ላይ። ሲያመኝ ማረፍ ሲገባኝ ያልፋል ብዬ ቀጠልኩ፤ ህዳር ሲደርስ ደረጃ መውረድ እንኳን ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ ከአምስቱ ቀን ሁለቱን ለማውንቴን ባይክ ሰጥቻለሁ። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት የትኛውን ሩጫ እንደምትተኩ ወስኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእሁዱን ረጅም ሩጫ አትንኩት፣ የፍጥነት ልምምዱንም እንዲሁ። በሳይክል የሚተካው መሃል ላይ ያለው ቀላሉ ሩጫ ነው። ሳይክል ላይ ልብና ሳንባ ይሠራሉ፣ ግን እግር መሬት ስለማይመታ ቅልጥም፣ ጉልበትና የተረከዝ ጅማት ያርፋሉ። በዚያው ልክ አጥንት የሚጠነክረው መሬት ሲረግጥ ስለሆነ፣ ሩጫውን ጭራሽ ትታችሁ ሳይክል ብቻ ከነዳችሁ ትንፋሽ ይኖራችኋል እንጂ እግራችሁ 10 ኪሎ ሜትሩን አይችለውም።

መቀመጫውን ሳታስተካክሉ አትነሱ፣ በተለይ ሳይክሉ የኪራይ ከሆነ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ስትነዱ ደግሞ በፊተኛው የእግር መዳፍ ግፉ። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ፊት ለፊት ያማል፣ ከሩጫ ጉዳት ሸሽታችሁ ሌላ ጉዳት ውስጥ ትገባላችሁ።

ማርሹን ቀላል አድርጉ። ጀማሪ ከባድ ማርሽ እየገፋ ጭኑን ይጨርስና በማግስቱ መሮጥ ያቅተዋል። ሜዳ ላይ በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀኝ ጉልበታችሁ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ቁጠሩ። ከ20 እስከ 22 ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከሩጫ እርምጃችሁም ብዙ አይርቅም። ኪሎ ሜትር ግን አትቁጠሩ፣ በሰዓት ሂዱ። ቁልቁለት ላይ እግር ስለሚያርፍ የ45 ደቂቃ ቀላል ሩጫን የሚተካው አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ የሚበልጥ የሳይክል ጉዞ ነው። የልብ ምት ሰዓት ካላችሁ፣ በተመሳሳይ ድካም ሳይክል ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ እያወራችሁ መንዳት ከቻላችሁ ልኩ ነው።

እኔ የምወደው ዳገቱን ነው። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች እንጦጦ አለልን፣ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የባህር ዛፉ ጥላ ውስጥ አስፋልት ያልነካው መንገድ አለ። 15 ደቂቃ ተሟሙቁና አራት ደቂቃ ጠንከር ብላችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ እንዲህ አራት ጊዜ። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሃል ላይ ሰንሰለቱ ተጨንቆ አይገባም። ተነስታችሁ አትግፉ፣ የኋላው ጎማ ቅጠሉ ላይ ይሽከረከራል። መቀመጫው ጫፍ ላይ ተጠጉና ደረታችሁን ወደ መሪው ዝቅ አድርጉ። ስትወርዱ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጋችሁ ከመቀመጫው ብድግ በሉ፣ ዓይናችሁ ጎማው ስር ሳይሆን ራቅ ብሎ ይይ፣ የፊቱን ፍሬን ብቻውን ጭምቅ አታድርጉ። ሄልሜት ሳታደርጉ አትውጡ፣ ለአጭር መንገድም ቢሆን። ክረምት ላይ ጭቃው ጎማ ስለሚይዝ እኔ ዳገቱን ትቼ ቀላሉን ብቻ እነዳለሁ።

ሳምንቴ እንዲህ ነው፦ ማክሰኞ የፍጥነት ሩጫ፣ ረቡዕ ቀላል ሳይክል፣ ሐሙስ ቀላል ሩጫ፣ ዓርብ የሳይክል ዳገት፣ እሁድ ረጅም ሩጫ። ሰኞና ቅዳሜ እረፍት። ዳገቱን ቅዳሜ አታድርጉት፣ እሁድ እግራችሁ እንጨት ይሆናል። ረቡዕ ከሳይክል እንደወረዳችሁ 10 ደቂቃ ብቻ ቀስ ብላችሁ ሩጡ፤ መጀመሪያ እግራችሁ የሌላ ሰው እግር ይመስላል፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ይለምዳል።

አንድ ነገር አደራ፦ ቅልጥማችሁ ላይ በአንድ ጣት የምታሳዩት ቦታ ለይቶ ካመማችሁ፣ ወይም ማታ ተኝታችሁም ከተሰማችሁ፣ አጥንት ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል በሳይክል አታስታምሙት፣ ሐኪም ይየው። ጤና ከሆናችሁ ግን ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዓርቡን ዳገት አቁሙ፣ የረቡዑን ቀላል ሳይክል ብቻ አስቀሩ።