ሞተር ፕሮቲኖችን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ካይኔሲን ወደ ውጭ፣ ዳይኒን ወደ ውስጥ» ብሎ መሸምደድ። ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው። ካይኔሲንና ዳይኒን በሴል ውስጥ ጭነት ተሸክመው የሚራመዱ ሞተር ፕሮቲኖች ናቸው። ሞተሮቹ የሴሉን መሃልና ዳር አይለዩም፤ የሚለዩት የሚሄዱበትን ሐዲድ፣ ማለትም ማይክሮቲዩቡል የተባለውን የፕሮቲን ቱቦ፣ ፕላስና ማይነስ የሚባሉ ሁለት ጫፎች ብቻ ነው። አብዛኞቹ ካይኔሲኖች ወደ ፕላስ ጫፍ፣ ሚቶኮንድሪያንና ከረጢቶችን የሚጭነው ዳይኒን ደግሞ ወደ ማይነስ ጫፍ ይጓዛሉ። በነርቭ ሴል አክሰን (ምልክት ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው ረጅም ክር) ውስጥ ፕላስ ጫፎቹ ወደ ውጭ ስለሚዞሩ ሽምደዳው ይሠራል። የአከርካሪ እንስሳት ዴንድራይት (ምልክት ተቀባዩ የነርቭ ሴል ቅርንጫፍ) ላይ ግን ሐዲዶቹ በሁለቱም አቅጣጫ ተደበላልቀው ስለሚገኙ ይፈርሳል። ካይኔሲን-14ማ ጭራሽ ወደ ማይነስ ነው የሚሄደው። ሥዕል ስትሠሩ ከሞተሩ በፊት የሐዲዱን ፕላስና ማይነስ ጻፉ።

«ኤቲፒ ካለቀ ካይኔሲን ይወድቃል» ማለት። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ኤቲፒ የሞተሩ ነዳጅ ነው፤ ሲሰበር ኤዲፒና ፎስፌት ይሆናል። ካይኔሲን ደግሞ ሐዲዱን እንደ እግር የሚረግጡ ሁለት ራሶች አሉት፦ ባዶ የሆነ ራስ ሐዲዱን አጥብቆ ይይዛል፤ የሚላላው ኤዲፒ ሲይዝ ነው። አንዷን እርምጃ ቀረብ ብለን እንያት። የፊተኛው ራስ ኤቲፒ ሲይዝ አጭሩ የአንገት ሰንሰለት ወደ ፊት ይለጠፋል፣ የኋላውንም ራስ ያሻግረዋል። ተንጠልጣዩ ራስ በሙቀት ንቅናቄ ወዲያ ወዲህ ሲል ቀጣዩን መያዣ ያገኛል፤ ኤዲፒውን ይለቅና ይጣበቃል። አሁን ኋላ የቀረው ራስ ኤቲፒውን ሰብሮ ፎስፌቱን ሲለቅ ይላቀቃል። በዚህች እርምጃ አንድ ኤቲፒ ይወጣል። የተሻገረው ራስ 16 ናኖሜትር ሲሄድ ጭነቱ የሚሄደው 8 ብቻ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ማምታታት የተለመደ ነው።

የመስታወት ሙከራን ገልብጦ ማንበብ። ካይኔሲኑ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ማይክሮቲዩቡሉ ሲንሸራተት የሚቀድመው ማይነስ ጫፍ ነው። ይህን አይቶ «ካይኔሲኑ ወደ ማይነስ ሄደ» ማለት አይቻልም፤ የተንቀሳቀሰው ሐዲዱ ነው።

የማይሄድን ሞተር ተበላሽቷል ማለት። ጭነት የሌለው ካይኔሲን-1 በራሱ ላይ ታጥፎ ይተኛል፤ ኤቲፒም በከንቱ አያባክንም። የአጥቢ እንስሳት ዳይኒንም ያለ ረዳቱ ፕሮቲን ዳይናክቲንና ከጭነት እንደሚያገናኘው እንደ ቢክዲ2 ያለ ፕሮቲን ረጅም መንገድ አይሄድም። ንጹህ ዳይኒንና ኤቲፒ ብቻ ጨምራችሁ ጉዞ ካጣችሁ፣ ፕሮቲኑን ከመጣላችሁ በፊት እነዚህን ጨምሩ።

አንድ ሞተር መንገዱን ሁሉ ይጨርሳል ብሎ ማሰብ። አንድ ካይኔሲን-1 ወደ መቶ ገደማ እርምጃ፣ ማለትም 1 ማይክሮሜትር ያህል ሄዶ ይለቃል። አክሰን ግን እስከ አንድ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ አንዱን ከረጢት ብዙ ሞተሮች ይይዙታል፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይዞ ይቆያል።

ማዮሲንን ማይክሮቲዩቡል ላይ መሳልም አለ። ማዮሲን ሌላ ሞተር ፕሮቲን ነው፤ ሐዲዱ አክቲን የተባለው ቀጭን የፕሮቲን ክር ነው፤ ማዮሲን-5 በአንድ እርምጃ 36 ናኖሜትር ገደማ ይሄዳል።