ኪቶ አገሬ መስላኝ የሠራኋቸው ስህተቶች

ከደቡብ አሜሪካዊቷ የኢኳዶር ዋና ከተማ ከኪቶ በላይ ባለው ተዳፋት የበቀለው ባሕር ዛፍ ዝናብ ሲነካው እንጦጦን እንጦጦን ይሸታል። ወደ ኢኳዶር የገባው በ1860ዎቹ ነው፤ አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር ማለት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።) ጠዋት ብርድ፣ እኩለ ቀን የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ፤ በየማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን፣ በደጁ ሲያልፉ የሚያማትቡ አሮጊቶች። ዩኔስኮ በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲጀምር ካሰፈራቸው አሥራ ሁለት ቦታዎች መካከል ኪቶም ላሊበላም ይገኙበታል። ስፓንኛ ለመማር ሄጄ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ስድስት ሳምንት ስቀመጥ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ጥፋቴ ሁሉ የመጣው ከዚህ «መስሎኝ» ነው።

«የደጋ ሰው ነኝ» ብሎ መኩራራት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኪቶ 2,850 ላይ። አምስት መቶ ሜትር ምን አላት ብዬ በገባሁ በማግስቱ ቴሌፌሪኮ በሚሉት፣ በገመድ ላይ በሚሄድ መጓጓዣ የፒቺንቻን ተራራ ወጣሁ። ይህ ነገር ሰውን ቁጭ አድርጎ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያራግፈዋል። ቤት ስመለስ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። የቤቱ አያት በብርድ ልብስ ጠቅልለው የዕፅዋት ሻይ አጠጡኝና ሁለት ቀን ከግቢ እንዳልወጣ ከለከሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ፤ መጠጥም ይቆይዎት። ከተማዋ ከምድር ወገብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ደመና ቢሸፍነውም ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ባርኔጣ አይርሱ።

ለሾርባ «ግራሲያስ» ማለት

የመጀመሪያው ምሳ ሎክሮ ነበር፦ ድንች ፈርሶበት የወፈረ፣ አይብና አቮካዶ የገባበት ሾርባ። ሳህኔን ሳጋምስ ሴኞራዋ፣ ማለትም የቤቱ እመቤት፣ «ልጨምርልህ?» አሉኝ። እኔም በሙሉ ልቤ «ግራሲያስ!» አልሁ። ማሰሮው ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። በስፓንኛ ለሚቀርብልዎ ነገር «አመሰግናለሁ» ብቻ ብለው ከመለሱ አብዛኛውን ጊዜ «አልፈልግም» ማለት ነው፤ የሚፈልግ ሰው «ሲ፣ ፖር ፋቮር» (አዎ፣ እባክዎ) ይላል። ይሉኝታውም አልጠቀመኝም። እኛ ዘንድ ከ«በቃኝ» በኋላ «በሞቴ» ይከተላል። እዚያ ቤት ግን «በቃኝ» ያለ ሰው ይታመናል። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ሦስት ቀን በግማሽ ሆዴ ተኛሁ።

«እጾማለሁ» ብሎ ዝም ማለት

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። የሄድሁት በዐቢይ ጾም ስለነበር ገና ከበሩ «ሥጋ አልበላም፣ ጾም ላይ ነኝ» አልሁ። ካቶሊኮች ናቸውና ደስ አላቸው። በማግስቱ እንቁላል በአይብ ቀረበልኝ። ለእነርሱ ጾም በዋናነት ሥጋን መተው ነው፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የጾም ጠላት ይሆናሉ ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም አፍሬ ዝም አልሁ፤ ዳቦና ሙዝ በልቼ ስወጣ ምግባቸውን የናቅሁ መሰላቸው።

የእነርሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ ስለዋለ ሕማማታቸው የደረሰው እኔ ገና ጾም ላይ እያለሁ ነበር። በዚያ ሰሞን ፋኔስካ የሚባል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሾርባ አለ። ዱባ፣ ባቄላ፣ አተር፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ቾቾ የሚሉት ግብጦ ሳይቀር ይገባበታል። ግብጦውን እንደ እኛው ምሬቱ እስኪለቅ ውሃ እየቀያየሩ ይዘፈዝፉታል። እህሉ አሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ነው ይላሉ። ቤተሰቡ በሙሉ ጠረጴዛ ከቦ ባቄላ ሲልጥ አብሬ እየላጥሁ «ተመስገን፣ የጾም ምግብ ተገኘ» ብዬ ነበር። ከዚያ የደረቀው ዓሣና ወተቱ ወጣ፤ አይቡም ተከተለ፤ ከላይ የሚደረደረው እንቁላል እየተቀቀለ ነበር።

ያን ጊዜ አንደበቴ ተፈታ። በተሰባበረ ስፓንኛዬ የእኛ ጾም ምን ምን እንደሚከለክል አንድ በአንድ ቆጠርሁ። ሴኞራዋ ትንሽ ድስት አንሥተው፣ ወተቱ ከመግባቱ በፊት የእኔን ድርሻ ለብቻ አወጡልኝ። «ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርኸንም?» አሉ፤ ቁጣም አለበት። ስለዚህ የማይበሉትን በስሙ ይጥሩት፦ ለቼ ወተት ነው፣ ኬሶ አይብ፣ ማንቴኪያ ቅቤ፣ ኡዌቮ እንቁላል። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን እንዲሁ ያድርግ። አሳማ በዚያ አገር አፍ «ቻንቾ» ነው፤ ሥጋው ባይኖር እንኳ ድንቹ በስቡ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል።

አንቱታን እቤት ትቶ መሄድ

መማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ «ቱ»ን፣ ማለትም «አንተ»ን ያስቀድማሉ። እኔም አያቲቱን በዚያው ጠራኋቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ሳቁ፣ እሳቸው አልሳቁም። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ትምህርት አያስፈልገውም፤ አገሩ ላይ «አንቱ» የሚለውን ሰው እዚያ «ኡስቴድ» ይበለው። ሰላምታውም ልክ አለው። ከሴቶች ጋር ጉንጭ ለጉንጭ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ በልማዴ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ስመለስ ከሴኞራዋ መነጽር ጋር ተጋጨሁ።

አንድ የሚያስደስት ነገር ልጨምር። በኪቶ ገበታ «ዴሜ ፓሳንዶ ላ ሳል» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ጨዉን አቀብለው ይስጡኝ» እንደማለት ነው። የአገሬው ነባር ሕዝብ ከሚናገረው ከኪችዋ ቋንቋ የመጣ አነጋገር ነው፤ ኪችዋ ደግሞ እንደ አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። አስተማሪዬ በክፍል ውስጥ ታርመኝ ነበር። እኔ ግን የቤቱን ሰዎች ሰማሁ፤ በሌላው ሁሉ የሚያደናቅፈኝ ስፓንኛ በዚህ ብቻ እናቴ ቤት ያደገ ይመስለኝ ነበር።

ቤቱን ሆቴል ማድረግ

ዋናው ምግብ ምሳ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ገደማ። (ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ወጥታ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ የእኛ ሰዓት ከአዲስ አበባ ይልቅ ለኪቶ የተሠራ ይመስላል።) የማይመጡ ከሆነ ጠዋት ይናገሩ። ከበሉ በኋላ ወዲያው አይነሡ፤ ወሬው የምሳው ግማሽ ነው። ሲነሡም ለቀሩት «ፕሮቬቾ» (መልካም ምግብ) ይበሉ። ሙቅ ውሃ በብዙ ቤት ከጋዝ ሲሊንደር ስለሚመጣ ገላ መታጠቢያ ውስጥ አይክረሙ። የመጸዳጃ ወረቀት የሚጣለው ቅርጫት ውስጥ ነው።

መቶ ዶላር ይዞ መውጣት

ኢኳዶር በ2000 ሱክሬን ትታ የአሜሪካን ዶላር መገበያያዋ አደረገች። እኛ ከባንክ ድፍን መቶ ስናገኝ ደስ ይለናል፤ እዚያ ግን የሱቅ ሰው መቶና ሃምሳ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ዝርዝር ይያዙ። በታኅሣሥ 2023 ሥራ የጀመረው ሜትሮ ዋጋው 45 ሳንቲም ነው፤ ከአሥራ አምስቱ ጣቢያዎች አንዱ በጥንታዊው በሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ሥር ይገኛል። ክንፍ ያላት የማርያም ሐውልት ወደቆመበት ወደ ፓኔሲዮ ኮረብታ በደረጃው በእግር አይውጡ፣ ታክሲ ይያዙ። በጥር 2024 መንግሥት ከወንጀል ቡድኖች ጋር የውስጥ የትጥቅ ግጭት ውስጥ ነኝ ብሎ ካወጀ ወዲህ የትኛው ሰፈር ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚያስኬድ ከስልክዎ ይልቅ ቤተሰቡን ይጠይቁ። የምድር ወገብ ሐውልት ጋ ሄደው ቢጫው መስመር ላይ ፎቶ ይነሡ፣ ግድ የለም፤ እውነተኛው መስመር ግን ከዚያ በስተሰሜን 240 ሜትር ያህል ርቆ ነው የሚያልፈው።

ስለ ቡና መስበክ

ኢኳዶር ቡና ታመርታለች፤ እኔ ባረፍሁበት ቤት ግን የሚቀርበው ሙቅ ውሃና በጠርሙስ ያለ የሚበጠበጥ ቡና ነበር። ቅሬታዬ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም። ለስጦታ የተቆላ ቡና ይዘው መሄድ መልካም ነው (ጥሬውን አይውሰዱ፣ ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል)። የእኔ ስህተት ስጦታውን በስብከት ማጀቤ ነው። ካፋን፣ ፍየሎቹን፣ አቦል ቶና በረካውን እየጠራሁ ቡና ለዓለም የተገኘው ከእኛ አገር እንደሆነ ግማሽ ሰዓት አስረዳሁ። አያቲቱ ድንች እየላጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ አንዱን ድንች አንሥተው አሳዩኝና «ይኼንንስ እናንተ ጋ ማን አመጣላችሁ?» አሉ።