የጆሴፍ ብላክን የኖራ ውሃ ሙከራ ቤት ውስጥ እንዴት እንሞክረው

ጆሴፍ ብላክ ስኮትላንድ ውስጥ የሰራ ሀኪምና ኬሚስት ነው፣ ለሽንት ፊኛ ጠጠር መድሀኒት ሲፈልግ ነው እንግዲህ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ ያገኘው፣ በ1756 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በኋላም ትንፋሻችን ውስጥ እንዳለ በኖራ ውሃ አሳየ።

እናንተም ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ (ውሃ ሲነካው የሚፈላውን አይደለም፣ ያ ያቃጥላል!) አንድ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡና ጠርሙሱን ከድናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀስ አርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ ቅዱ። ከዛ በስትሮው ንፉበት፣ እንዳትስቡት ብቻ፣ አይናችሁንም በመነጽር ሸፍኑ፣ ልጆች ካሉ ደግሞ አጠገባቸው ሁኑ። ትንሽ ቆይቶ ወተት ይመስላል፣ ኖራው ከትንፋሻችሁ ጋዝ ጋር ተዋህዶ ነው። ዝም ብላችሁ ብዙ ከነፋችሁ ግን መልሶ ሊጠራ ይችላል፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት።