ተማሪዎች ሲጋጩ «ማን ጀመረ?» አትበሉ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብዙ ተማሪ የያዘ ክፍል ለምታስተምሩ መምህራን ይህን ላካፍላችሁ። ሁለት ልጆች ሲጋጩ በክፍሉ ፊት «ማን ጀመረ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጥያቄው ጓደኞቻቸውን በሁለት ጎራ ያሰልፋል፤ በእኩዮቹ ፊት የተዋረደ ልጅ ደግሞ ጥፋቱን ቢያውቀው እንኳ አያምንም። ይልቅስ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አራርቃችሁ አስቀምጧቸው፤ ለክፍሉ መልመጃ ስጡና ትምህርቱን ቀጥሉ።

በእረፍት ሰዓት መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ አነጋግሯቸው። የወሎ አበጋሮች (ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች) የደም ጸብ እንኳ የሚያበርዱት ሁለቱንም ወገን ሰምተው ነው፤ ልጆቹም ሽምግልናን ከቤታቸው ያውቁታል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። ሲጨርስ አድማጩ የሰማውን በራሱ አንደበት ይድገመው፤ ተናጋሪው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አትለፉት። ቁጣው በአብዛኛው የሚረግበው እዚህ ላይ ነው። በግድ «ይቅርታ በለው» ማለት ግን ቂሙን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ «ነገ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ መልሱን ከእነርሱ ጠብቁ።

ዱላ መፍትሔ አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ይከለክላል። አንዱ ሌላውን ደጋግሞ የሚያጠቃ ከሆነ ግን ጉዳዩ ጸብ ሳይሆን ጥቃት ነውና አታሸማግሉ፤ ተጎጂውን ጠብቁ፣ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጆች አሳውቁ።

ካነጋገራችኋቸው በኋላ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የተጋጩትን ሁለቱንም ልጆች በስማቸው ጠርታችሁ ሊመልሱት የሚችሉትን ጥያቄ ጠይቋቸው።