ውሃ የሚተኛበትን የዋልካ ማሳ እንዴት አስተካከልኩት

ሐምሌ ላይ ስንዴው ከታች ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ሲሆን ሰው ሁሉ «ዩሪያ አንሶት ነው» አለ። ዩሪያ ተጨመረ፤ ለውጥ የለም። በአካፋ ክንድ ያህል ስቆፍር ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ አቆረ፣ አፈሩ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ፣ ሥሩም ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነኩት ይላጣል። ለሥሩ የጠፋው አየር ነበር።

ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ግን ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ከላይ ማስወጣት ግድ ነው። ውሃ በተኛበት አፈር ናይትሮጅኑም ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል፤ ዩሪያው ያልሠራው ለዚህ ነው።

በቀጣዩ ክረምት ማሳውን ከፍ ባለ ሰፊ መደብና በመካከሉ ባለ ቦይ አዘጋጀሁት፦ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ይህን በእጁ ሲሠራ ኖሯል፤ እኔ በጥማድ በሬ የሚጎተተውን መደብ ማውጫ ተጠቀምኩ። ከስፋቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው የቦዩ አቅጣጫ ነው። ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወረደ አፈሩን ይጠርጋል፣ ጭራሽ ዘንበል ካላለም ውሃው ይቆማል፤ ተዳፋቱን አግድም ቆርጦ በጥቂቱ ማዘንበል አለበት። መውጫውን ከጎረቤቴ ጋር ተነጋግረን ሣር ከያዘ ፈሰስ ጋር አገናኘነው። ያለዚያ የእኔ ውሃ የእሱን ጤፍ ይበላ ነበር።

ዘንድሮ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት መደቡ ላይ የቆመ ውሃ የለም፣ ሥሩም ነጭ ነው። ቦዮቹ ደለል ስለሚይዙ ትልቅ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየዞርኩ እጠርጋለሁ።