ሸለቆ ማዶ ያለው ቡድን ስንት ሜትር ይርቃል? ሳትሻገሩ የምትለኩበት መንገድ

ባህር ዛፍ በሚቆረጥበት ተራራ ላይ ሁለት ቡድን በሸለቆ ግራና ቀኝ ሲሰራ «ማዶ ናቸው እኮ፣ ምን ያገናኘናል?» ማለት የተለመደ ነው። ማን ለካው? ማንም። መሀል ላይ ገደል ሲኖር የዓይን ግምት አይታመንም፣ ሜትር ዘርግቶ መሻገርም አይቻልም። ግን ከአንድ ቦታ ሆናችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ ትችላላችሁ። ገመድ፣ ሜትርና ጥቂት ችካል ይበቃል።

መጀመሪያ ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ እንወቅ። የአሜሪካ የስራ ደህንነት መስሪያ ቤት (ኦሻ) የእንጨት ቆረጣ ደንብ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የስራ ቦታዎች መካከል ቢያንስ የሚቆረጠውን ዛፍ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ይጠይቃል። ቁልቁለት ወይም ሌላ አደጋ ካለ ደግሞ ይጨመርበታል። ለምን ሁለት እጥፍ? ዛፍ ባሰባችሁት አቅጣጫ ብቻ አይወድቅም። ሌላ ዛፍ ገፍቶ ይጥላል፣ ጫፉ ተሰብሮ ይወረወራል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ግንዱ ይንሸራተታል።

ስለዚህ የዛፉን ቁመት እወቁ። እዚያው አካባቢ ተቆርጦ የተኛ እኩያው ካለ በሜትር ለኩት፣ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ከሌለ በትር ያዙ። እጃችሁን ወደፊት ቀጥ አድርጋችሁ ስትዘረጉ ከዓይናችሁ እስከ ጭብጣችሁ ያለውን ያህል በትር ከጭብጣችሁ በላይ ይቁም። ከዚያ ጭብጣችሁ ከዛፉ ስር፣ የበትሩ ጫፍ ከዛፉ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደኋላ ሂዱ። ሲገጥም ቁሙ። ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው ማለት ነው። ይህ የሚሰራው ሜዳ ላይ ነው፣ ዳገት ላይ ያሳስታችኋል። ከሚቆረጡት ውስጥ ረጅሙን ውሰዱ እንጂ አማካዩን አትውሰዱ። ለምሳሌ 28 ሜትር ወጣ እንበል፣ እጥፉ 56 ሜትር ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን ነጥቦች ምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሰዎቹ አሁን የቆሙበትን ይለካል። ሰው ይንቀሳቀሳል። መለካት ያለበት በእናንተ በኩል ወደ ማዶ የሚጠጋው የመጨረሻው ዛፍ፣ በማዶው በኩል ደግሞ ወደ እናንተ የሚጠጋው የመጨረሻው ዛፍ ነው። አንዱን ሀ፣ ሌላውን ለ እንበላቸው። ከዚያ ሁለቱንም በደንብ የምታዩበት ቦታ ፈልጉ፣ መ እንበለው። በምትለኩበት ሰዓት በሁለቱም ወገን መጋዝ ይጥፋ። ለመለካት ብላችሁ የሚወድቅ ዛፍ ስር መቆም ቀልድ ነው።

አሁን ከመ እስከ ሀ፣ ከመ እስከ ለ ለኩ። የሌዘር ርቀት መለኪያ ካላችሁ አነጣጥሮ መጫን ብቻ ነው። ከሌላችሁ ደግሞ ግንበኛ መሰረት ሲያወጣ በሚጠቀምበት የ3፣ 4፣ 5 ገመድ (ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆነ ሶስት ማዕዘን) ከመ ወደ ሀ ለሚሄደው መስመር ስኳድራ (90 ዲግሪ) አውጡ። በዚያ ቀጥታ ወደ ጎን 20 ሜትር ሄዳችሁ ችካል ትከሉ፣ በዚያው መስመር ሌላ 20 ሜትር ቀጥሉና ሁለተኛ ችካል ትከሉ። እዚያ እንደገና ስኳድራ አውጡና ጀርባችሁን ለሀ ወገን ሰጥታችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ችካልና የሀ ዛፍ በአንድ መስመር ላይ ሲታዩ ቁሙ። ከሁለተኛው ችካል እስከ ቆማችሁበት የሄዳችሁት ርቀት ከመ እስከ ሀ ያለው ርቀት ነው። ለ ላይም ይህንኑ ድገሙ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሰራል።

ውጤቱ 40 እና 50 ሜትር መጣ እንበል። አሁን በሀ እና በለ መካከል ያለው ስንት ነው? ፎርሙላ አያስፈልግም። መ ላይ ቆማችሁ የሁለቱን ርቀቶች አንድ አምስተኛ ወስዳችሁ ወደየአቅጣጫቸው ሂዱ፣ ወደ ሀ 8 ሜትር፣ ወደ ለ 10 ሜትር። ጫፋቸው ላይ ችካል ትከሉ። በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለውን ለኩና በ5 አባዙ። ችካሎቹ 9 ሜትር ከ16 ሳንቲም ቢራራቁ እውነተኛው ርቀት 45.8 ሜትር ነው። መሬት ላይ ትንሽ ካርታ ሰራችሁ ማለት ነው። ችካሉን ስትተክሉ መስመሩን የሚያይላችሁ አንድ ሰው መ ላይ ይቁም፣ ምክንያቱም እዚህ የምትስቱት 10 ሳንቲም እዚያ ግማሽ ሜትር ይሆናል።

አያችሁት? የሚያስፈልገው 56 ሜትር ነበር። ያላችሁ 46 እንኳን አይሞላም። ማዶ ነው ሲባል የነበረው ቡድን 10 ሜትር ይጎድለዋል። አንዱ ቡድን ይቁም ወይም ቦታ ይቀይር፣ ሌላ መፍትሄ የለም።

ገንዘብ ላለው ደግሞ ኮምፓስና የተዳፋት መለኪያ አብሮት ያለ ሌዘር አለ፣ እንደ ትሩፐልስ 360 ያለው። ሚሲንግ ላይን የሚባለውን አሰራር ከፍታችሁ አንዱን ዛፍ፣ ከዚያ ሌላውን አነጣጥራችሁ ስትጫኑ የመሀሉን ርቀት ራሱ አስልቶ ያወጣል። ቼይንሶው፣ መጥረቢያና መኪና ግን ራቅ ይበሉ፣ ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። በ50 ሜትር ላይ የ3 ዲግሪ ስህተት ቦታውን ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ያዛንፋል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓይነት ርቀት ከመጣ አግድሙን ያዙ። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 40 ሜትር የሚያሳየው ገደድ መስመር በአግድሙ 35 ሜትር እንኳን አይሞላም።

በስልክ ጂፒኤስስ? ለዚህ ስራ አልመክርም። ሜዳ ላይ እንኳን 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፣ ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ነገር ግን ሜትር አይፈታውም። አንዱ ቡድን በሌላው ቀጥታ ታች ከሆነ ቁጥሩ 56ም ይሁን 80 አትመኑት። የተቆረጠ ግንድ አንዴ መንከባለል ከጀመረ የት እንደሚቆም ማንም አያውቅም። በአንድ ጊዜ ላይና ታች አይሰራም፣ አለቀ።

ቆረጣው ወደፊት በገፋ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ዛፎች ስለሚቀየሩ እንደገና ለኩ። ይኸው ዘዴ ዛፉ ከኤሌክትሪክ መስመር ስንት እንደሚርቅ ለማወቅም ይሆናል፣ ሽቦው ስር መግባት ሳያስፈልጋችሁ ምሰሶውን እንደ ለ መቁጠር ነው። ሽቦው ከሁለቱም ምሰሶዎች ይልቅ ወደ ዛፉ የሚቀርብ ከሆነ፣ ከሽቦው ትክክል ታች የሚታያችሁን ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ለ አድርጉ። ዛፉ ሊደርስበት የሚችል ሆኖ ካገኛችሁት መጋዙን አስቀምጡና መብራት ኃይል ደውሉ።