ለማሽንዎ ፒኤልሲ ሲመርጡ፦ ሁሉን በአንድ የያዘው ወይስ የሚገጣጠመው?

ፒኤልሲ ማሽን የሚቆጣጠር የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር ነው፤ በሁለት መልክ ይመጣል። በአንዱ ሲፒዩው (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው)፣ ኢንፑቱ (ሲግናል መቀበያው) እና አውትፑቱ (ትእዛዝ ማውጫው) አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ኮምፓክት ይባላል። በሌላው ሲፒዩው ለብቻው ሆኖ የሚያስፈልግዎትን ካርድ እየመረጡ ጎኑ ላይ ይደረድራሉ፤ ይህ ሞጁላር ነው። የሲመንስን ኤስ7-1200 (ኮምፓክት፣ ግን አብዛኛው ተጨማሪ ካርድ ይቀበላል) እና ኤስ7-1500 (ሞጁላር) ይዘን ምርጫውን እንየው።

1. ሲግናሎችዎን ይቁጠሩ። ስንት ሴንሰር፣ ስንት ሞተር፣ ስንት ቫልቭ። ለነገ ሃያ በመቶ ያህል ይጨምሩበት።

2. ዓይነታቸውን ይለዩ። ዲጂታል በርቷል ወይም ጠፍቷል ብቻ ይላል፤ አናሎግ መጠን ይናገራል። ከኤስ7-1200 ቤተሰብ 1214ሲ የሚባለው 14 ዲጂታል ኢንፑት፣ 10 ዲጂታል አውትፑትና 2 አናሎግ ኢንፑት አለው። አናሎጎቹ ግን የሚያነቡት ከ0 እስከ 10 ቮልት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የግፊትና የታንከር ደረጃ መለኪያዎች የሚልኩት ደግሞ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው። «ሁለት አናሎግ ይበቃኛል» ብሎ የገዛ ሰው ለተጨማሪ ካርድ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ስቴፐር ወይም ሰርቮ ሞተር በፐልስ (በፈጣን ተከታታይ ምት) የሚነዱ ከሆነም የሪሌይ (በማግኔት የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) አውትፑት አይሆንዎትም። ዲሲ/ዲሲ/ዲሲ የሚል የተጻፈበትን፣ አውትፑቱ ትራንዚስተር የሆነውን ይውሰዱ።

3. የማደጊያ ቦታውን ይዩ። 1211ሲ በስተቀኝ ምንም ካርድ አይቀበልም፣ 1212ሲ ሁለት፣ 1214ሲ ስምንት። ሊያድግ ለሚችል መስመር 1211ሲን በርካሽነቱ መግዛት አልመክርም። ኤስ7-1500 ሲፒዩውን ጨምሮ እስከ 32 ሞጁል ይደረደርበታል።

4. የኃይል ሒሳቡን ይሥሩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

1214ሲ ለካርዶቹ ሁለት ዓይነት ኃይል ይሰጣል። አንዱ በውስጥ የሚሄድ 5 ቮልት ሲሆን 1600 ሚሊአምፔር ድረስ ነው። ሌላው ለሴንሰር የሚወጣው 24 ቮልት ነው፤ አቅሙ 400 ሚሊአምፔር ብቻ።

አሁን 16 የሪሌይ አውትፑት ያላቸው ሦስት ካርዶች ጨመሩ እንበል። በ5 ቮልቱ እያንዳንዱ 135 ይወስዳል፤ ድምሩ 405 ነው። ብዙ ይተርፋል፣ እዚህ ላይ ችግር የለም። በ24 ቮልቱ ግን እያንዳንዱ የሪሌይ ጥቅል 11 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። 48 ሪሌይ በአንዴ ሲሠራ 528 ይሆናል። 14ቱ ኢንፑቶች በ4 በ4 ሌላ 56 ይጨምራሉ። 584 ደረሰ። አቅሙ 400 ነው። ሴንሰሮቹ ራሳቸው የሚበሉትን ገና አልቆጠርንም።

ስምንት ካርድ ይይዛል ማለት የስምንት ካርድ ኃይል ይሰጣል ማለት አይደለም። ከአቅሙ በላይ ሲጫን ማሽኑ ብዙ ሪሌይ አንድ ላይ በተነሳ ጊዜ ብቻ ያስቸግራል፤ ሰው ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ ስህተት ሲፈልግ ይውላል።

መፍትሔው ለካርዶቹ ራሱን የቻለ የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ መስጠት ነው። የሲፒዩውን 24 ቮልትና የአዲሱን ፓወር ሰፕላይ ኔጋቲቭ ያገናኙ። ፖዘቲቮቹን ግን በፍጹም አያገናኙ። ሁለቱ ምንጮች እርስ በእርስ ይጋፋሉ፤ አንዳቸው ወይም ሁለቱም ሊበላሹ ይችላሉ፣ ሲስተሙም ያልታሰበ ነገር ሊሠራ ይችላል።

5. የሚበላሽበትን ቀን ያስቡ። ኮምፓክቱ ላይ አንዲት የውስጥ ሪሌይ ብትቃጠልና ትርፍ አውትፑት ባይኖርዎት የሚቀየረው ሲፒዩው ነው። ሞጁላሩ ላይ ካርዷ ብቻ ትቀየራለች። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ መስመር በሚቆምበት ቦታ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ኮምፓክት ከመረጡ ኮንታክተር (ሞተር የሚያበራ ትልቅ ማብሪያ) በቀጥታ ከአውትፑቱ ጋር አያስሩ፤ በመሃል ሶኬት ያላት ትንሽ ሪሌይ ያስገቡ። ስትቃጠል በደቂቃ ነቅለው ይተካሉ። እኔ ያለ እርሷ ፓነል አልዘጋም።

እንግዲህ ማሽኑ አንድ ከሆነ፣ ሲግናሉ ከታወቀና የማያድግ ከሆነ ኮምፓክቱን ያለ ሐሳብ ይግዙ። አናሎግ ከበዛ፣ ብዙ ማሽን የሚያያዝ ከሆነና መቆም ብዙ ብር የሚያስከፍል ከሆነ ሞጁላሩ ይሻላል። መሃል ላይ ካሉም መንገድ አለ፦ 1214ሲ በፕሮፊኔት (የኢንዱስትሪ ኔትወርክ) ኬብል እስከ 16 የሩቅ ጣቢያ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጡ የኢንፑትና የአውትፑት ስብስቦችን፣ ያስተዳድራል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ ሶፍትዌሩን አይርሱ። ለኤስ7-1200 የቲአይኤ ፖርታል (የሲመንስ ፕሮግራም መጻፊያ) ቤዚክ ላይሰንስ ይበቃል፤ ኤስ7-1500 ፕሮፌሽናሉን ይፈልጋል፣ እሱም በጣም ይወደዳል።